አሮጌዋን ሃይሉክስ በግቢያችሁ ማደስ፦ ከሻንሲ ተነስቶ እስከ ቀለም

ግቢያችሁ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ የቆመች አሮጌ ፒክ አፕ ካለችና መጀመሪያ የመጣባችሁ ሐሳብ «ምን ቀለም ልቀባት?» የሚል ከሆነ፣ ቀለሙን ለጊዜው እርሱት። መኪና የሚታደሰው ከሥር ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የተሸከማት ሻንሲ፣ ቀጥሎ የሚያቆማት ፍሬን፣ ከዚያ የሚያስኬዳት ሞተር፣ ቆርቆሮና ቀለም ደግሞ መጨረሻ ላይ።

ይህን የተማርኩት በአባቴ መኪና ነው። ከጨረታ የገዛት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1986 ቶዮታ ሃይሉክስ ነበረች። ለዓመታት እህልና ሲሚንቶ ጭኖባታል። ማርጀቷ ሲታይ ለአንድ ጋራዥ ሰጣት፤ በሦስት ሳምንት አብረቅርቃ ተመለሰች። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ የሾፌሩ እግር ሥር ያለው ወለል ተበስቶ መንገዱ ይታይ ጀመር። ዝገቱን ሳይቆርጡ በስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ ልጥፍ) ሞልተው ቀብተውት ኖሯል። ሁለተኛውን እድሳት በገዛ እጃችን፣ በግቢያችን፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት ሠራነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ቅደም ተከተል ነው።

ምሳሌዬ ኤልኤን65 የሚባለው ሞዴል ነው፦ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1983 እስከ 1988 የተመረተው አራተኛው ትውልድ ሃይሉክስ፣ ባለ አራት ጎማ ጉልበት፣ ፊትም ኋላም ደረቅ አክሰልና (ግራና ቀኝ ጎማን በአንድ ወጥ አካል የሚያያይዝ) ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠል ስፕሪንግ) ያለው፣ 2ኤል የተባለውን 2446 ሲሲ የናፍጣ ሞተር የተሸከመ። የእናንተ ቀጣዩ ትውልድ ኤልኤን106 ቢሆን እንኳ አብዛኛው ነገር ይሠራል፤ የሱ ሞተር 2779 ሲሲ የሆነው 3ኤል ነው፣ የፊት አክሰሉ ግን የአንድ ቤተሰብ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና በደንብ መያዝ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ብሎን ከመንካታችሁ በፊት

ሊብሬውን አውጡ። የሻንሲ ቁጥሩን ሻንሲው ላይ ከታተመው ጋር አመሳክሩ፤ በሃይሉክስ ላይ ብዙውን ጊዜ በቀኙ የፊት ጎማ አካባቢ በሻንሲው ጎን ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩን ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ ቦታውን በግራሶ ቀብታችሁ በፕላስተር ሸፍኑት። ዝገት ስታስለቅቁ በግራይንደር ብትፍቁት ወይም ብየዳ ቢፈስበት፣ ዓመታዊ ምርመራ ላይ የሚጠብቃችሁን ጣጣ ማንም አይመኘውም። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ አመሳክሩ። ሞተር ለመቀየር ወይም የመኪናዋን ቀለም ለመለወጥ ካሰባችሁ ለውጡ ሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት፤ ይህን መጀመሪያ ጨርሱ።

ከዚያ ሞተሩ የሚነሳ ከሆነ በጠዋት፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይነግራችኋል። ነጭ ጭስ ለጥቂት ሰከንድ ቢታይ ምንም አይደለም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ወይ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም ወይ ውኃ እየገባ ነው። ጥቁር ጭስ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ጥቂት ይጠበቃል፣ አየሩ ስስ ነውና። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይሞቅ ከፍታችሁ አስነሱና ውኃውን ተመልከቱ፤ ሳያቋርጥ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ የቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመካከል ያለው ማሸጊያ፣ ወይም ቴስታታው ራሱ ችግር አለበት።

ቀጥሎ አንድ ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በቆርቆሮው ላይ አስኪዱ። የማይዝበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ ነው። በሃይሉክስ ላይ በተለይ የካቢናውን የኋላ ታችኛ ማዕዘኖች፣ የፔዳሎቹን ሥር፣ የፊት መስታወቱን ጠርዝና የካሶኒውን (የጭነት መጫኛውን) የፊት ግድግዳ አትለፉ። ሻንሲውን ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የተበላ ብረት ድምፁ ይታፈናል። ከኋላ አክሰል በላይ ያለው ጎበጥ ያለ ክፍልና የባሌስትራ መያዣዎቹ አካባቢ ጭቃ ስለሚያቁሩ መጀመሪያ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

መዶሻው ብረቱን በስቶ ከገባና ጉዳቱ በሁለቱም ጎን ከሆነ፣ መኪናዋን በቤት ለማደስ አትነሱ። ሌላ ሻንሲ መፈለግ የተለየ ሥራ ነው፣ ከሊብሬውም ጋር ያጋጫል።

ቦታና መሣሪያ

መኪናዋ በአራቱም ጎኗ ሰው ወዲያ ወዲህ የሚልበት ቦታ ያስፈልጋችኋል፤ የተፈቱትን ለማስቀመጥ ደግሞ ዝናብ የማይደርስበት ሌላ ጥግ። ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆን ጥሩ ነው። አፈር ከሆነ መኪናዋን ደግፎ ከሚይዘው የብረት እግር፣ ከካቫሌቶው ሥር ወፍራም ሳንቃ ወይም የብረት ሰሌዳ አድርጉ፣ አለዚያ ከዝናብ በኋላ ይሰምጣል።

ካቫሌቶ ስል ካቫሌቶ ማለቴ ነው። ብሎኬት አይደለም፣ ድንጋይ አይደለም፣ የተደራረበ ቸርኬም አይደለም። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው፤ ክሪክም ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። አራት ጥሩ ካቫሌቶ በብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ እግራቸው ሰፊ፣ ራሳቸው ሻንሲው የማይንሸራተትበት ጎድጓዳ ይሁን። መኪናዋን ካስቀመጣችሁ በኋላ ከሥሯ ሳትገቡ በጎን ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከተወዛወዘች እንደገና አስቀምጡ።

መሣሪያውን በተመለከተ አሮጌ ቶዮታ ለባለቤቱ ደግ ነው። ከሥራው አብዛኛው በ10፣ በ12፣ በ14 እና በ17 ቁልፍ ያልቃል። በዚህ ላይ 19፣ 22 እና ለፊት ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) ዳዶ 54 ሶኬት ጨምሩ። 13 ቁጥር ቁልፍ ቶዮታ ላይ እምብዛም ሥራ የለውም፤ ከሶኬቱ ጋር ቢመጣም ከሣጥኑ አይወጣም። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ የጃፓን መኪና የመስቀል ብሎኖች ጥርሳቸው ከተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ ጥቂት ይለያል። የተለመደው ጫፍ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። የጃፓኑን ካቻቢቴ ካገኛችሁ ግዙ፤ ካጣችሁ በመዶሻ እየተመታ የሚዞረውን ዓይነት ተጠቀሙ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ያለ ሰው ጥሩ አሮጌ መሣሪያ በተመጣጣኝ ዋጋ አያጣም።

አፈታት

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትፍቱ። ሲጀመር ደስ ይላል፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን ግቢው ሙሉ ብረት፣ ጭንቅላት ሙሉ ጥያቄ ይሆናል። አንድ ክፍል ፍቱ፣ አጽዱ፣ አድሱ፣ ግጠሙ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ካቢናውን ከሻንሲው ማንሳት የሚያስፈልገው የካቢናው መቀመጫ ጎማዎች ካለቁና ከሥሩ ያለው ሻንሲ ብየዳ ከፈለገ ብቻ ነው። ካሶኒው ግን መነሳት አለበት፤ የሻንሲውን የከፋ ዝገት የደበቀው እሱ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፤ በተለይ ሽቦና ቱቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ። የእያንዳንዱን ክፍል ብሎኖች በአንድ ፌስታል አድርጉና በወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ውስጡ ክተቱ። በስክሪብቶ አትጻፉ፣ ናፍጣ ሲነካው ይጠፋል። የሚቻል ከሆነ ብሎኑን መልሳችሁ በራሱ ቀዳዳ ላይ ሁለት ዙር አስይዙት፤ ከዚህ የተሻለ ማከማቻ የለም።

የዛገውን ብሎን ከሁለት ቀን በፊት በነጭ ጋዝና በዘይት ድብልቅ አርጥቡት፣ ጠዋትና ማታ ድገሙት። ስትፈቱ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ሞክሩ፤ ዝገቱ ሲሰነጠቅ ይሰማችኋል፣ ከዚያ ይፈታል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ የተሰበረ ብሎን በመሰርሰሪያ ማውጣት ግማሽ ቀን ይበላል። የካሶኒው ብሎኖች ግን በአብዛኛው አይፈቱም። ራሳቸውን በግራይንደር ቁረጧቸውና አዲስ ግዙ። ካሶኒውን ለማውረድ ስድስት ጠንካራ ሰዎች ጥሩና ምሳ አዘጋጁ።

ሻንሲ

መጀመሪያ በውኃና በሳሙና እጠቡት፣ የደረቀውን ጭቃ ከሻንሲው ብረት ባዶ ሆድ ውስጥ በሽቦ እየቆረቆራችሁ አውጡ። ከዚያ ሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ ግራይንደር። መነጽርና ማፈኛ ሳታደርጉ ግራይንደር አታስነሱ፤ የብሩሹ ሽቦ እየተነቀለ እንደ መርፌ ይወጋል።

የሻንሲውን ቀጥታነት በክር ለኩ። ከፊት ግራ አንድ ቀዳዳ እስከ ኋላ ቀኝ ተመሳሳዩ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በተቃራኒው። ሁለቱ ርዝመቶች እኩል ሊሆኑ ይገባል። ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊሜትር ካለፈ መኪናዋ ተመትታ ታውቃለች ማለት ነውና ወደ ማቃኛ ውሰዷት። ይህን ሳታደርጉ በየወሩ አዲስ ጎማ ብትገዙ ይበላል።

የተበላውን ብረት ጤነኛው እስኪገኝ ቁረጡ። ዝገት ላይ ብየዳ አይይዝም፤ የያዘ መስሎ ይታያል እንጂ። የምትለጥፉት ብረት ውፍረቱ ከሻንሲው ጋር ይመጣጠን። ጫፎቹን ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን እንደ ዓሣ አፍ ሰያፍ ቁረጧቸው፤ ቀጥ ያለ የብየዳ መስመር ሻንሲውን አቋርጦ ሲያልፍ መሰበሪያ ይሆናል። ሻንሲው ከሥር ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ውኃ ማፍሰሻ ናቸው፤ አትድፈኗቸው። ከመበየዳችሁ በፊት የባትሪውን ሁለት ገመድና የዲናሞውን ሽቦ ፍቱ፣ የናፍጣ ታንከሩን ሙሉ በሙሉ አውርዳችሁ ከግቢው ወዲያ አርቁ። ባዶ የሚመስል ታንከር ከሞላው የበለጠ አደገኛ ነው፣ ጋዙ ነው የሚፈነዳው። የሚያንጠባጥብ ታንከር በብየዳ ለመድፈን በግቢያችሁ አትሞክሩ።

ከዚህ በኋላ ሁለት እጅ አንቲረስት፣ በላዩ ወፍራም ጥቁር ቀለም። የሻንሲው ዝገት የሚጀምረው ከባዶ ሆዱ ስለሆነ ንጹሕ ዘይትና የቀለጠ ሰም ቀላቅላችሁ በቀዳዳዎቹ በኩል ርጩበት። አንዳንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይረጫል። እኔ አልመክርም፤ የባሌስትራውን ላስቲክ ያበላሻል፣ ለቆዳም መርዝ ነው።

የፊት አክሰል

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም የዚህች መኪና ጠባይ ያለው እዚህ ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ፈርቶ ይዘለዋል።

በፊት ጎማዎቹ ውስጠኛ በኩል ትልቅ የብረት ኳስ ታያላችሁ። ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞረው በዚያ ኳስ ላይ ነው፤ በውስጡ ደግሞ ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ጆይንት በግራሶ ተሞልቶ ይቀመጣል። ኳሱ ላይ ስስ የግራሶ ሽፋን መታየቱ ጤና ነው። ቀጭን ጥቁር ፈሳሽ እየተንጠባጠበ ከሆነ ግን የውስጡ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ላስቲክ) አልፎበት የዲፍረንሻል ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሏል፤ ጆይንቱና ኩሽኔታዎቹ ቅባት አልባ ሊሆኑ ነው።

ጎማውን አውጡ፣ የፍሬኑን መያዣ ፈትታችሁ በሽቦ ከባሌስትራው ላይ ስቀሉት፤ በቱቦው ተንጠልጥሎ አይቅር። የጎማውን መቆለፊያ ክዳን ስታነሱ ከውስጡ ትንሽ ቀለበት አለች፤ አውጧትና በጥንቃቄ አስቀምጡ። ቀጥሎ ያሉትን ዳዶዎች ስትፈቱ አካሉ አልወጣ ይላችኋል፣ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ሾጣጣ ዋሸር ተሰክቶ ይዞታል። ዙሪያውን በነሐስ መዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት ዋሸሮቹ ራሳቸው ብቅ ይላሉ። በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ ለማውጣት አትታገሉ።

አሁን 54ቱ ሶኬት ሥራው ደረሰ። ሁለት ዳዶ በመካከላቸው የታጠፈ ዋሸር ይዘው ታገኛላችሁ። ብዙ ቦታ እነዚህ ዳዶዎች በመሮና በመዶሻ ሲፈቱ አይቻለሁ፤ ጠርዛቸው ይላላጥና ሁለተኛ በትክክል አይጠብቁም፣ የኩሽኔታው ዕድሜም እዚያው ያጥራል። ጎማው የሚቀመጥበት አካል ከወጣ በኋላ 8 ብሎኖች ፈትታችሁ ዘንጉን የሚሸፍነውን አንገት አውጡ፣ ከዚያ አክሰሉን ከነጆይንቱ ሳቡ። አልወጣ ካለ የጆይንቱን ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ አዙሩት፣ ይለቃል።

ኳሱን ከላይና ከታች የያዙት ኩሽኔታዎች ከሥራቸው ስስ የብረት ቅጠሎች አሏቸው። የላዩን ከታቹ፣ የግራውን ከቀኙ እንዳታቀላቅሉ፤ እያንዳንዱን በየራሱ ፌስታል። ሁሉንም በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ ኦይል ሲሎቹን በሙሉ በአዲስ ቀይሩ፣ የኳሱን ፊት በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ኳሱ በዝገት የተቦረቦረ ከሆነ አዲሱን ሲል በጥቂት ወራት ይበላዋል።

ስትገጥሙ መጀመሪያ ኩሽኔታዎቹን ያለ አክሰልና ያለ ሲል አስገቡ። የመሪው ዘንግ በሚታሰርበት ቀዳዳ ላይ የእጅ ሚዛን መንጠቆ አስገብታችሁ ሳቡ፤ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ስትስቡ መዞር መጀመር አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ልል ነው፣ መሪው በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቅጠል ቀንሱ። ከዚያ በላይ ከሆነ ጨምሩ። በመጨረሻ ሞሊብዲነም ያለበትን ግራሶ ጆይንቱ ውስጥ በእጃችሁ እየገፋችሁ ሙሉ፣ የኳሱን ሆድ ደግሞ ሦስት አራተኛ ያህል። የጎማውን ኩሽኔታ ስታጠብቁ አጥብቁ፣ ጎማውን ወዲያ ወዲህ አሽከርክሩ፣ አላሉ፣ እንደገና በለዘብታ አጥብቁ፤ ሳይንቀጠቀጥ በነፃነት ከዞረ ሁለተኛውን ዳዶ አጥብቃችሁ የዋሸሩን አንዱን ጥርስ ወደ ውስጥ፣ አንዱን ወደ ውጭ እጠፉት።

ፍሬን

የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ታምቡሩን ስትከፍቱ አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በአፋችሁም አትንፉት። ውኃ አርከፍክፉበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉ።

የፍሬን ዘይት የሚያደርሱትን የላስቲክ ቱቦዎች ሁሉ ያለ ምንም ክርክር ቀይሩ። ከውጭ ደህና የሚመስል የሠላሳ ዓመት ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ወደ ጎማው ያስገባና አይመልስም፤ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። የብረቱ ቧንቧ ከዛገ እሱም ይቀየር። በየጎማው ያሉት ትንንሽ ፒስተኖች ላስቲካቸው ርካሽ ስለሆነ ሁሉንም በአዲስ ተኩ። ዲስኩና ታምቡሩ ላይ እስከ ምን ድረስ መበላት እንደሚችሉ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ቶርኖ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ለኩ።

ዘይቱ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ጠብታ እንኳ ቢቀላቀል የፍሬኑን ላስቲኮች ሁሉ ያሳብጣል። ቀለም ላይ ቢፈስ ደግሞ ቀለሙን ያነሳዋል፤ ፍሬን ከቀለም የሚቀድምበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። አየሩን ስታወጡ ከሩቁ ጎማ ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ከኋላ አክሰል በላይ የጭነቱን ክብደት እያየ የኋላውን ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ የሱንም አየር አውጡ። ዘንጉን ብዙ ሰው ፈትቶ ያስረዋል። አታድርጉት፤ ባዶ ካሶኒ ይዛችሁ በእርጥብ አስፋልት ፍሬን ስትይዙ የኋላው ጎማ ቀድሞ ይቆለፍና መኪናዋ ትዞራለች።

ሞተር

2ኤልን ሳትፈቱት ለኩት። የካንዴሊታዎቹን (ናፍጣ ሞተር ሲነሳ የሚያሞቁትን) ቀዳዳ ተጠቅማችሁ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የመጭመቅ ግፊት ውሰዱ። የፋብሪካው ቁጥር ለአዲስ ሞተር በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ ገደማ ነው፤ ዝቅተኛው ገደብ 20፣ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ5 አይለፍ። ነገር ግን ይህ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ጤነኛ ሞተርም ወደ 24 ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። በዚህ ከፍታ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን እመኑ፤ ሦስቱ 23 ሆነው አንዱ 15 ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። በዚያ ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ግፊቱ ከጨመረ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ካልጨመረ ቫልቩ ወይም ቴስታታው።

የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ ዛሬውኑ ቀይሩት። ፋብሪካው 100,000 ኪሎ ሜትር ይላል፤ በጎማ ነገር ላይ ግን ዓመታትም ይቆጠራሉ። ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ስትቀይሩ መወጠሪያውን ኩሽኔታና የውኃ ፓምፑን አብራችሁ ተመልከቱ።

ቴስታታው ከወረደ ለስንጥቅ አስመርምሩት፤ የዚህ ሞተር ቤተሰብ በጣም ሲሞቅ በቫልቮቹ መካከል መሰንጠቅ ይታወቅበታል። የናፍጣ ፓምፑንና ናፍጣውን የሚረጩትን አፍንጫዎች ደግሞ ለፖምፒስታ (ለናፍጣ ፓምፕ ባለሙያ) ስጡ። ይህ በቤት የሚሠራ አይደለም፤ ያለ መፈተሻ ማሽን የተነካ ፓምፕ የባሰ ያጨሳል።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ላስቲኩ ያለቀ ክዳን እዚህ አገር ከቆላ ይልቅ ይጎዳል። መኪናዋ ስትሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ ይህ ግን መንስኤውን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፣ ቀዝቅዞ የሚሠራ የናፍጣ ሞተርም ሲሊንደሩን ይበላል። ራዲያተሩን አስጠርጉ፣ ክዳኑን ቀይሩ፣ ቴርሞስታቱን በቦታው መልሱ።

ናፍጣው ከተቋረጠ በኋላ ለማስነሳት ከፊልትሩ በላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪከብድ ጫኑ፣ የአፍንጫዎቹን ዳዶ ጥቂት አላሉ፣ በሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) አዙሩ፤ ናፍጣው ያለ አረፋ ሲወጣ አጥብቁ።

ሽቦ

ሁሉንም ሽቦ መቀየር አያስፈልግም። አብዛኛው የመብራት ችግር የመሬት ሽቦ ችግር ነው፤ ከሞተር ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ ካቢና፣ ከባትሪ ወደ ሁለቱም የሚሄዱትን ገመዶች ጫፋቸውን አጽዱ። በፊውዝ ቦታ የገባ የሲጋራ ወረቀት ወይም ሽቦ ካገኛችሁ አውጡት፣ ከዚያም ለምን እንደገባ ፈልጉ። ካንዴሊታ ስትገዙ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቮልት አይታችሁ ያንኑ ግዙ፤ ያልሆነውን ከገጠማችሁ በጥቂት ቀን ይቃጠላል።

ቆርቆሮና ቀለም

የካቢና ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ተራ የኤሌክትሪክ ብየዳ ይበሳዋል። በጋዝ ወይም ሽቦ በሚመግብ ማሽን፣ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለላችሁ በይዱ፤ በአንድ መስመር ከሄዳችሁ ቆርቆሮው ይጣመማል። ጥሩ ባትላሜራ (የመኪና ቆርቆሮ ሠሪ) የምታውቁ ከሆነ ይህን ለእሱ መስጠት ምንም አያሳፍርም። ስፖርቴሎ (በር)፣ ኮፈን (የሞተር ክዳን) እና ፓራፋንጎ (የጎማ ሽፋን) አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተፈቱ መኪኖች ይገኛሉ፤ ዝገት የሌለበት አሮጌ ኦሪጅናል ቆርቆሮ ከስስ አዲስ ቅጂ ይሻላል፣ ክፍተቱም በቀላሉ ይገጥማል። ማግኔታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ስቱኮ የሚገባው ብየዳውን ለማለስለስ ብቻ ነው፣ ከ2 ወይም 3 ሚሊሜትር አይለፍ። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፣ 180፣ ከዚያ 320። ወረቀቱን በእጅ ጣት ሳይሆን በእንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ፈትጉ። በፕራይመሩ ላይ በጣም ስስ ጥቁር ቀለም ርጩና እንደገና ፈትጉት፤ ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ዓይን የማያየውን ይህ ያሳያል። በመጨረሻ 600 በውኃ።

በማጠንከሪያ የሚቀላቀለው የመኪና ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለበት፤ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል፣ ተራ የጨርቅ ማፈኛ አይመክተውም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ መከላከያ ከሌላችሁ ዝግጅቱን እስከ ፕራይመር ጨርሳችሁ የመጨረሻውን እጅ ቀለም ቤት አስረጩ። የፋብሪካውን የቀለም ኮድ ሞተር ክፍል ውስጥ ከተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ታገኙታላችሁ። በክረምት አትቀቡ። እርጥበቱ ከቀለሙ ሥር ይቀርና በዓመቱ ያብጣል።

መልሶ መግጠምና የመጀመሪያው መንገድ

ካሶኒውን ከመጫናችሁ በፊት የመቀመጫ ጎማዎቹን ቀይሩ፤ ብረት በብረት ከተቀመጠ ሠራችሁ የጨረሳችሁት ሻንሲ እንደገና ይዝጋል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች ያጠበቃችሁት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ይሁን፣ ተሰቅላ አይደለም።

መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ በእግር ፍጥነት፣ ፍሬኑን አሥር ጊዜ ሞክሩ። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ። ከዚያ አጭር መንገድ፣ ስትመለሱ እያንዳንዱን ጎማ መሐል በእጅ ነክታችሁ ሙቀቱን አወዳድሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ወይ ፍሬኑ ይዟል ወይ ኩሽኔታው ጠብቋል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ዳዶዎችንና የባሌስትራውን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ፤ በመጀመሪያው ጉዞ ሁልጊዜ ይላላሉ። ከ500 በኋላ የሞተሩን ዘይት ለውጡ፣ የፊት ኳሶቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ እንደገና የወጣውን ቅባት ተመልከቱ፤ ግራሶ ብቻ ከሆነ ሲሉ ይዟል። የመጀመሪያውን ጭነት ከዚህ በኋላ ጫኑባት፣ መጀመሪያ ግማሹን።